ሞተሩ በበረታ ቁጥር

ስልኩ ሲጮህ ጠጋኟ ክንዷ እስከ ክርኗ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ከማደባለቂያው በርሜል ሥር ተንበርክካ ነበር። የደወለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። በቀለም ፋብሪካው የጥገና ክፍል የሚሠሩት ሁሉ ያንን ጥሪ ለምደውታል። የምሳ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው የጠጋኟ አባት ይደውላሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መውጫ ሰዓት እሷን ደፍሮ የሚያናግር አይገኝም።

«ቆሟል» አሉ አባቷ። ደህና ዋልሽ የለ፣ ምን የለ።

«ደግሞ እንዴት ቆመ?»

«እኔ ምን አውቄ? የሠራሽው አንቺ። ቆሟል ነው የምልሽ።»

«ማታ ስተወው እኮ ምንም አልነበረበትም፣ አባዬ!»

«እናትሽ የዛሬን የምትበላው በማታው ነው እንዴ?»

«እሺ፣ ነቅለህ መልሰህ ሰካው።»

«ነቅዬ ሰክቼ፣ ሰክቼ ነቅዬ እጄ ዛለ። ያንን ሞተርሽን ቀይሪው። አቅም የለውም። አቅም የሌለው ነገር ሰው ቤት ምን ይሠራል?» አሉና ዘጉባት።

«አቅም የለውም» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ተጣብቆ ዋለ። ሌላ ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር።

እናቷ ግማሽ አካላቸው ከሰነፈ ወዲህ መናገር አላቃታቸውም። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ቢጣመምም ቃላቸው ይሰማል፣ ቀልዳቸውም አልደነዘዘም። ያቃታቸው መዋጥ ነው። ስለዚህ በአፍንጫቸው በኩል ወደ ሆዳቸው በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ምግብ ይሰጣቸዋል። ምግቡ ከአልጋው በላይ በተሰቀለ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በዝግታ፣ ጠብ ጠብ እያለ መግባት አለበት፤ ከፈጠነ ወደ ላይ ይመለስና ያንቃቸዋል። ለዚህ ሥራ ሆስፒታሉ ያዋሳቸው ፓምፕ ተቃጠለ፤ ምትክም የለም ተባለ። በየሳምንቱ እቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ ነገሩን ሳታድበሰብስ ተናገረች፤ ወይ ሳይቆምና ሳይፈጥን የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ወይ እናት የረጅም ጊዜ ሕሙማን ወደሚተኙበት ክፍል ይገባሉ። እዚያ ጠያቂ የሚገባው በተወሰነ ሰዓት ነው፤ ባልም ቢሆን ጠያቂ ነው።

ጠጋኟ ያንኑ ሳምንት ፓምፑን ራሷ ሠራችው። ይህን ዓይነት ፓምፕ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ፋብሪካው ቀለም የሚመጥነው በሱ ነው። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ለስላሳ ቱቦ በግማሽ ክብ ግድግዳ ላይ ይጋደማል። በመሐል የሚዞረው ክብ ነገር ጠርዙ ላይ ትንንሽ ሮለሮች አሉት፤ እነዚህ ቱቦውን ከግድግዳው ጋር እየጨፈለቁ ሲያልፉ ፈሳሹ ወደ ፊት ይገፋል። ፈሳሹ ከቱቦው ሌላ የሚነካው ነገር ስለሌለ ለበሽተኛ ንጹሕ ነው። ዋጋው ግን የሞተሩ ጉልበት ነው። ሞተሩ እየዞረ ቱቦውን መርገጥ፣ ከቆመበት ሲነሣም የተኛውን ቱቦ ጨፍልቆ መነሣት አለበት። ተራ ሰው ሞተርን የሚያደንቀው በፍጥነቱ ነው፤ እዚህ ግን ፍጥነት ለምንም አይረባም። የሚፈለገው ቴክኒሻኖች ቶርክ የሚሉት የመጠምዘዝ ጉልበት ነው።

ግድግዳውን ወደ ሮለሮቹ የምታቀርበውና የምታርቀው አንዲት ብሎን ናት። ከላላች ፈሳሹ በሮለሮቹ ሥር ሾልኮ ያመልጣል፤ ከጠበቀች ሞተሩ ይታፈናል። ጠጋኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተካክላት ሞተሩ ሲያቃስት ሰማችና ብሎኗን ጥቂት አላላችለት። ከዚያ በብሎኗ ራስና በግድግዳው ላይ አያይዛ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር አሰመረች፤ ብሎኗ ብትዞር መስመሩ ይሰበራል። «ይህችን ማንም እንዳይነካት» ብላ አዘዘች። ማንም ያለችው አባቷን ነው፤ ከሳቸው በቀር በቤቱ ውስጥ ሁለት እጅ የሚታዘዝለት ሰው አልነበረም።

አባቷ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጋራዥ የፈጁ መካኒክ ናቸው። እዚያ የሚታወቁት «ልድገመው» በሚል ቅጽል ነበር። ብሎን ከጠበቀ በኋላ መፍቻውን መልሰው ይሰኩና «እስቲ ልድገመው» ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ይጨምሩበታል። በሳቸው እጅ ያለፈች ጎማ መንገድ ላይ ወልቃ አታውቅም። በሳቸው እጅ ያለፈችን ጎማ መንገድ ላይ ለመቀየር ሞክሮ ያልረገማቸው ሾፌርም የለም።

ልጃቸው በዚህ አትመስላቸውም። እሷ ለክታ የምታምን፣ ያልተለካን ነገር የማትሰማ ሴት ናት። ሐቀኛ ናት፤ ሐቀኝነቷ ግን ለጎረቤት የሚተርፍ ሙቀት የለውም። የተበላሸ ማሽን ሲያጋጥማት ክዳኑን ከፍታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ እያንዳንዱን ዳዶ ትመረምራለች። ሰው ግን ምን ሆንክ ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ትዝ የሚላት ማሽኑ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ጉድለት በብዙ አዋቂዎች ዘንድ ስለሚገኝ እንደ ጉድለት መቆጠሩ ቀርቷል። መቆጠር ግን አለበት።

የዚያን ዕለት ማታ እንደተለመደው በጥድፊያ ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ከአልጋው ራስጌ ቆመች። ፓምፑ ይዞራል። ነጩ መስመር እንደተሰመረ ነው፤ ቅንጣት አልተዛነፈም። በሞተሩ ዘንግ ላይ የብረት ክንድ አሰረች፤ ጫፉን በእጅ ሚዛን ስባ ምን ያህል እንደሚከብድ ለካች። የሚገባውን ያህል ቀላል ነው።

«እንዴት ነው የተነሣው?» አለች።

«መታ መታ አደረግሁት» አሉ አባቷ፤ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው።

«መታ መታ?»

«ጋራዥ ውስጥ ሁሉም እንደሱ ነው የሚነሣው። ትምህርት ቤት አላስተማሯችሁም?»

እናቲቱ ከትራሳቸው ላይ ሆነው አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። የሚናገሩ መስለው ነበር። ጠጋኟ ግን ጀርባዋን ሰጥታ የሞተሩን ሙቀት በጣቷ ትፈትሽ ነበርና አላየችም።

እንዲህ ሆኖ አንድ ወር አለፈ። የመጀመሪያው ሞተር ከተጣለ የወረቀት ማተሚያ የወጣ ነበር። ሲከብደው እንደ ኮልታፋ ሰው ባለበት እየተንተባተበ ይርገበገባል፤ አይዞርም፣ አይተውምም። የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ጨመረችለት፤ እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ ጋለ። ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛ ማርሽ ገጠመችበት። ማታ ሲለካ ጉልበቱ እጅግ ተሻሽሏል፤ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ቱቦው ቶሎ እንዲንሸራተት ለቱቦ የሚስማማ ቅባት ቀባችው፤ ስልኩ ጮኸ። ሮለሮቹ ራሳቸው ቱቦውን እየፈተጉ ጉልበት እንደሚበሉ አሰበችና ወደ ቶርኖ ክፍል ወረደች።

የቶርኖ ሠራተኛው ዓለምን ሁሉ በሚሊሜትር የሚናገር ሰው በመሆኑ «ሚሊ» ይሉታል።

«ሚሊ፣ እነዚህን ሮለሮች በኩሽኔታ ላይ አስቀምጥልኝ። ራሳቸውን ችለው ይዙሩ።»

«ለዚያው ለእናትሽ ፓምፕ ነው?» አለ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሮለሮቹን አገላብጦ አየ። «ማርሽም ጨመርሽበት አሉኝ፣ ጉድ እኮ ነው። ሴትዮ፣ ልትመግቢያቸው ነው ልትጎትቻቸው?»

«አታሹፍብኝ። ማታ ስለካው ከበቂ በላይ ነው። ቀን ላይ አይበቃውም።»

«እንግዲያው ቀን ላይ ለኪው።»

«ቀን ላይ እዚህ ነኛ!»

«ፈቃድ ጠይቂያ።»

«ሞተር ቀንና ማታ አይለይም፣ ሚሊ» አለችው በቁጣ፤ ሮለሮቹን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።

ከዚህ የተሻለ ምክር በዚያ ወር ውስጥ ማንም አልሰጣትም። ትክክለኛ ምክር በቀልድ ተጠቅልሎ ሲመጣ የሚንቁት ሰዎች አሉ፤ ሊቃውንት ነን ባዮች በዚህ ይበልጣሉ። ጠጋኟ በዚያ ቀን ከነሱ አንዷ ነበረች። ሚሊ ሮለሮቹን በሚያስመሰግን ጥራት ሠርቶ ሰጣት፤ ገጠመቻቸው፤ ስልኩ ጮኸ።

በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ። ከፋብሪካው የቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ወፍራም ቀለም ይገፋ የነበረ ጠንካራ ባለማርሽ ሞተር አገኘች፤ አለቃዋን አስፈቅዳ ወሰደችው። ሞተሩ ከፓምፑ ይገዝፍ ነበር። አልጋው አጠገብ ስትገጥመው አባቷ ዙሪያውን እየዞሩ አዩት፤ በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊታቸው ፈታ አለ።

«ይሄ ነው ሞተር» አሉ።

«ይሄንንስ መታ መታ አታደርገውም» አለች።

«ይሄ ራሱ ይመታሻል።»

በማግስቱ የምሳ ደወል ሲደወል ስልኩ ዝም አለ። በሚቀጥለውም ቀን። ጠጋኟ ምሳዋን ቁጭ ብላ በላች፤ የጥገና ክፍሉ ሰዎችም እንደገና ሰላም ይሏት ጀመር። ጉልበት ነበር የጎደለው፣ ጉልበት ተጨመረ፣ ነገሩ ተፈታ ብላ አመነች። ሰው የደከመበትን ነገር የሚያጸድቅለት ማስረጃ ሲያገኝ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ያቆማል።

ነርሷ የመጣችው በሳምንቱ ማብቂያ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠጋኟ ሥራዋን ለማሳየት ብላ ቀድማ ከፋብሪካው ወጥታ ጠበቀቻት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ከረጢቱ የተሰቀለበት ዘንግ፣ የአባትየው ወንበርና ያ ግዙፍ ሞተር ሲደመሩ ለነርሷ መቆሚያ የቀረላት በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ነበር።

«አባባ፣ ደህና ናቸው?» አለች የእናቲቱን እጅ እየዳበሰች።

«ደህና ናት ሲስተር። ምንም የለባት። ቁጭ በይ።»

«የት?» አለች ነርሷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፓምፑን አየች። «ይጮኻል እንዴ?»

ጠጋኟም ሰማችው። ከሮለሮቹ ሥር ቀጭን ሲጥታ ይወጣል፤ ሮለር በኩሽኔታ ላይ ከዞረ መጮህ አልነበረበትም። ልታየው ጎንበስ ስትል ቱቦው ሮለሮቹ ሥር ተሰነጠቀ። ሞተሩ አልቆመም፤ ጉልበት አለውና። ምግቡን በስንጥቁ በኩል እየረገጠ ወደ ክፍሉ ረጨው። ነጩ ፈሳሽ የነርሷን ጋዎን፣ የቁም ሣጥኑን መስተዋትና የጠጋኟን ግንባር አለበሰ። ጠጋኟ ሶኬቱን ነቀለች፤ ነርሷ የቱቦውን ጫፍ በጣቷ አፈነች።

ጠጋኟ ፊቷን ሳትጠርግ ብሎኗን አየች። ነጩ መስመር ተሰብሯል። የብሎኗ ራስ ላይ ያለው ግማሹ ከግድግዳው ግማሽ ርቆ ሌላ አቅጣጫ ይመለከታል።

«አባዬ፣ ይህችን ነክተሃታል።»

«እኔ?»

«አባዬ!»

«በንቅጥቅጡ ዞራ ይሆናል። ይሄ የሚያክል ሞተር አልጋውንስ መች አላነቃነቀም?»

«ንቅጥቅጥ ያላላል እንጂ ያጠብቃል? አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጋራዥ የሠራህ ሰው ይሄን ለኔ ትነግረኛለህ?»

«እሱ ነው» አሉ እናቲቱ።

ሁሉም ወደ ትራሱ ዞሩ። ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ከአፋቸው አንድ ጎን የሚወጣ ነበር፤ ግን ማንም ሳይሰማው አልቀረም።

«በየቀኑ ነው። አንቺ እንደወጣሽ ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣል፤ ያጠብቃል። ሲቆምበት ይፈታል። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት መነጽሩን አድርጎ ያቺን ነጭ መስመር ልክ ለልክ ያጋጥማታል። ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ።»

ጠጋኟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወሩ በሙሉ በፊቷ አለፈ፤ ማርሹ፣ ቅባቱ፣ ኩሽኔታው፣ ሚሊ። ማታ ማታ የለካችው አባቷ ያስተካከሉላትን ፓምፕ ነው። የጨመረችውን ጉልበት ሁሉ አባቷ በካቻቢቴ በልተውታል። ከሁሉ የከፋውም አሁን ገባት። ደካማው ሞተር በቆመ ቁጥር አባቷ ብሎኗን ለመፍታት ይገደዱ ነበር፤ ቱቦውን ያተረፈው ያ የናቀችው ድክመት ነው። የማይቆም ሞተር ስታመጣ የቀትሩ መፍታት ቀረ፤ ብሎኗ እንደጠበቀች እስከ ማታ ትውላለች።

«እማዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናቲቱ። «ስትገቢ ሞተሩን ደህና አመሸህ ትዪዋለሽ። እኔ እዚህ የተጋደምኩት መስቀያ ነኝ?»

«አንተስ?» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ምን አድርጌህ ነው?»

አባትየው ካቻቢቴውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው መሐል ያገላብጡት ጀመር። የሚሸሹበት ቦታ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

«መጀመሪያ የሠራሽው ጊዜ» አሉ በመጨረሻ፣ «መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ። ምግቡ ግን አልቆመም። ብሎኗ ላልታ ነበር፤ ከላይ ከከረጢቱ እየተንሸራተተ በሮለሩ ሥር ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስመጣ… ስመጣ ፊቷ ጠቁሯል።»

«አንቋቸው ነበር?» አለች ነርሷ። ጋዎኗን መጥረግ አቆመች።

«አቅንቼ አስቀመጥኳት። ሳለች፣ ሳለችና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ነው የማጠብቀው። ልተወው እላለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«ለልጅዎ ለምን አልነገሯትም?»

«ለሷ ብነግራት ላንቺ ትነግርሻለች። ይህች ልጅ መዋሸት አትችልም፤ እንደ በሽታ ነው። አንቺ ደግሞ ትወስጃታለሽ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ልጅቱ ለሞተሯ አዝና ብሎኗን ከሚገባው በላይ አላላች፤ ስህተቱ ላይም መስመር አስምራ እንዳይነካ አወጀች። አባትየው ያዩትን አደጋ ደብቀው፣ መድኃኒቱን ለብቻቸው በስውር ሰጡ። በፍቅር አደረጉት ማለት ይቻላል። እናቲቱ ግን በሁለቱም ፍቅር መካከል ለሞት ቀርበው ነበር፤ አስታማሚ በልቡ ያለውን ሳይሆን በእጁ ያደረገውን ይጠየቃል።

ነርሷ አልጮኸችም። እጇን ታጠበች፣ የእናቲቱን ትንፋሽ በማዳመጫ ሰማች፣ ለአምቡላንስ ደወለች። «ማሽኑ አይደለም ያስፈራኝ» አለች ስትወጣ። «ማሽን ይበላሻል። እዚህ ቤት ግን ሰው ሲታነቅም አይነገረኝም።» አባትየው እስከ ደጁ ተከትለዋት «ሲስተር፣ እባክሽ፣ ሲስተር» አሉ። እሷ ግን እናቲቱን ወሰደቻቸው።

በማግስቱ አባትና ልጅ የጎደለውን አልጋ ላለማየት ፓምፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አወጡት። መጀመሪያ አልተነጋገሩም። ከዚያ መነጋገር ግድ ሆነ፤ ፓምፑን አንድ ሰው ሊይዘው፣ ሌላው ሊፈታው ይገባ ነበር።

«ምን ያህል ነው መጠበቅ ያለበት?» አሉ አባትየው።

«የቱቦው ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ሲጨፈለቅ ካለው ውፍረት ጥቂት የሚያንስ ክፍተት። ከዚያ በላይ የምታጠብቀው ምንም አይዘጋም፤ ሞተሩን ያስጮኻል፣ ቱቦውን ይበላል እንጂ።»

«ይኼን መቼ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልነገረቻቸውም። አትንካ ብቻ ነው ያለችው።

ብሎኗን አወጡና በምትኳ ግድግዳውን ከኋላው የሚገፋ ሞላ አስገቡ፤ ሞላው ሁልጊዜ በእኩል ኃይል ይጫናል፣ የማንንም ፍርሃት አይሰማም። ስለ ሞላው ጥንካሬ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ። አባትየው ከአሮጌ የመኪና በር የመዘዙት ሞላ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ልጅቱ የመረጠችው ደግሞ፣ አሁንም፣ ጥቂት የላላ። ከረጢቱን ከፍ አድርገው ሰቅለው ሲሞክሩት ውሃው ሾለከባት። «አየሽ?» አሉ፤ ደስ ሳይላቸው። ሌላ ፈለጉ። ክፍተቱ ልኩን ሲያገኝ በዘንጉ ላይ ክንድ አስራ ለካች፤ ያ ከፋብሪካው የመጣው ግዙፍ ሞተር ከንቱ ነበር። ማርሽ የተገጠመለት የመጀመሪያው ትንሽ ሞተር በሚሊ ሮለሮች ላይ ሳያቃስት ዞረ፤ ጉልበትም ተረፈው። ሲፈልጉት የከረሙት ቶርክ ድሮም እዚያው ነበር።

ይህ ግን አባትየውን አላሳመናቸውም። «መብራት ሲጠፋስ? ቱቦው ሲያረጅስ?» አሉ። እሷም ለአንድ ጊዜ ያህል ከመመለሷ በፊት አሰበችና «ልክ ነህ» አለች። ከፓምፑ በታች ቱቦውን የሚቆነጥጥ መቆንጠጫ ሊጨምሩ ተስማሙ፤ መብራት ሲኖር ማግኔት ይከፍተዋል፣ መብራት ሲጠፋ ሞላ ይዘጋዋል። መቆንጠጫውን አባትየው ከላሜራ ቆርጠው፣ ቱቦውን እንዳይበላ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው ሠሩት። ከዚያ ወጥ ቤቱ ውስጥ ባልዲ አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሶኬት ሲነቅሉና ሲሰኩ ዋሉ፤ በነቀሉ ቁጥር ጎንበስ ብለው የመጨረሻዋን ጠብታ ያያሉ። ልጅቱ ትበሳጭ ነበር፤ አልከለከለቻቸውም።

ነርሷ ስትጠራ መጣች። ራሷ ሶኬቱን ነቀለች፤ ከረጢቱን ክንዷ እስከቻለ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ጠበቀች። ምንም አልወረደም። ምግቡ በትክክለኛ መጠን መግባቱን በመለኪያ ዕቃ አየች። ምስጋና አልወጣትም።

«ማሽኑን አይቼዋለሁ» አለች። «ቤት ይመለሱ የምለው ግን እሳቸው ሲሉኝ ነው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው።»

ሁለቱም በዚያው ጥድፊያ ወጡ። የረጅም ጊዜ ሕሙማን ክፍል ረጅም፣ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ አዳራሽ ነው፤ እናቲቱ ከበሩ ርቀው ተኝተዋል። አባትየው ሰላም ሳይሉ ከኪሳቸው መቆንጠጫ አወጡ፤ ለማሳየት ብለው የሠሩት ሁለተኛው ነው። በአንዲት ቁራጭ ቱቦ ላይ እየከፈቱ እየዘጉ ያስረዷቸው ጀመር፤ ልጅቱም ስለ ሞላውና ስለ ክፍተቱ ከጎን ትጨምራለች። አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ነበር።

እናቲቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጨረሳችሁ?»

ልጅቱ የቱቦውን ቁራጭ ከአባቷ እጅ ወሰደች።

«ይሄ ሁሉ ኖሮ ቢያንቀኝስ?»

«አያንቅሽም፣ እማዬ፣ መብራት እንኳ ቢጠፋ…»

«አንቺን አልጠየቅሁም። ቢያንቀኝስ፣ አንተ?»

አባትየው መቆንጠጫውን በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እናገራለሁ» አሉ።

«ለማን?»

«ለልጅቷ።»

«ሌላስ?»

አባትየው ነርሷ ከተናገረችው ቀን ጀምሮ ሲፈሩት የኖሩትን በአፋቸው መጥራት ነበረባቸው። «ለሲስተርም እነግራታለሁ። ብትወስድሽም።»

እናቲቱ ዓይናቸውን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ውሸት ሲፈልጉ ነበር፤ አላገኙም መሰለኝ።

«በሉ እንግዲያው፣ ልብሴን አምጡ።»

አባትና ልጅ ተያዩ። ልብስ የያዘ አልነበረም፤ ጫማም፣ ነጠላም፣ ምንም።

«ሁለት ሰው ሆናችሁ» አሉ እናቲቱ፣ «አንድ ቁራጭ ብረት ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»